ስም የወጣላት ወፍ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ፣ ቤቷ ጭር ያለባት። ጡረታ የወጣች የታሪክ አስተማሪ ናት። ሠላሳ ዓመት ተማሪዎች ሲያዳምጧት ኖረው በአንድ ጊዜ ሰሚ ስታጣ ምን እንደሚሰማት፣ እዚህ ያላችሁ ጡረተኞች ታውቁታላችሁ። እትዬ ጌጤነሽ ትባላለች።

ከተማዋ የወንዝ ዳር ከተማ ናት። ድሮ መርከብ እየመጣ ቡና ይጫንባት ነበር። የመርከቡ ዕቃ ማከማቻ የነበረው ቤት አሁን የጎብኚዎችና የዱር እንስሳት ማዕከል ሆኗል። እሷም ሄዳ «ያለ ደመወዝ ላገልግል» አለች። ሐሳቧ ለጎብኚ ስለ መርከቦቹ መተረክ ነበር። የተሰጣት ሥራ ግን ጫጩት መመገብ ሆነ!

ጫጩቷ ጎጆዋን ጎርፍ የወሰደባት፣ ስታድግ ራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የምታወጣ የውሃ ወፍ ነበረች። የማዕከሉ ኃላፊ ኦጁሉ ለእትዬ ጌጤነሽ ሰፊ ግራጫ ጨርቅ ሰጣት።

«እትዬ፣ ሲመግቧት በዚህ ይሸፋፈኑ። ፊትዎን እንዳታይ፣ ድምፅዎን እንዳትሰማ። ሰው ከለመደች ከወገኖቿ ጋር አትገጥምም። ሰው አይታ የማትሸሽ ወፍ ደግሞ ሜዳ ላይ ሳምንት አትቆይም» አላት።

አንድ ሳምንት ታዘዘች። ዝም ማለት ለእሷ ከጾም ይከብዳል፤ ቢሆንም ቻለችው። በስምንተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ጫጩቷ እየተንቀጠቀጠች ጮኸች። የእትዬ ጌጤነሽ ሆድ አልቻለም። ጨርቁን ገለጠችና «አይዞሽ እናቴ፣ አለሁልሽ» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት? ስም አወጣችላት፤ «ደስታዬ»። የመርከቦቹን ታሪክ በሙሉ ለደስታዬ አስተማረቻት። ወገኖቼ፣ ሳቁ፤ ግን አትፍረዱባት። በዚያች ከተማ ስታያት ሮጣ የምትመጣ ሌላ ፍጥረት አልነበራትም።

የመልቀቂያው ቀን ደረሰ። ወንዙ ዳር ባለው ረግረግ ላይ የወገኖቿ መንጋ ተሰማርቷል። የአጥሯ በር ተከፈተ። ደስታዬ መንጋውን አየች፣ ሰዎቹን አየች፤ ከዚያ ዞራ ቀጥ ብላ ወደ እትዬ ጌጤነሽ ሮጠች። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ኦጁሉ ግን አላጨበጨበም።

«እትዬ፣ አናግረዋታል አይደል?»

«ብቻዋን ነበረች እኮ፣ ኦጁሉ።»

«ብቻዋን የነበረችው እሷ ናት?»

እትዬ ጌጤነሽ ጎንበስ ብላ የወፏን ላባ ዳሰሰች። ኦጁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክረምቱን እንሞክር። ካልሆነ ዕድሜ ልኳን በአጥር ውስጥ መቅረቷ ነው። ለሌላ ሰው ልስጣት» አላት።

«የለም፤ እኔ ያስለመድኳትን እኔው ላስረሳት» ብላ ለመነችው።

ክረምቱን ሙሉ ደስታዬ በአጥሩ ጥግ እየዞረች ተጣራች። ማንን? አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጨርቁ ውስጥ የቆመችውን ሴት። እትዬ ጌጤነሽ ከንፈሯን ነክሳ፣ እህሏን አስቀምጣላት ትወጣለች። ወፏ ስትጠራት እዚያው አለች፤ ግን አትመልስም። እስቲ ንገሩኝ፣ የቱ ነው ፍቅር? «አለሁልሽ» ያለችው ነው ወይስ ይሄ?

በጥቅምት በሩ እንደገና ተከፈተ። ወፏ ጨርቁን ታክካው አለፈች። አልቆመችም። መንጋው መሃል ገባች፤ ሲነሡ አብራ ተነሣች።

ኦጁሉ «ዞር ብላ እንኳን አላየችዎትም» አለ፣ አዝኖላት።

እትዬ ጌጤነሽ ጨርቁን ገፍፋ እልል አለች። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሁለቱም የእውነት ነበር።

እናንተስ፣ ወገኖቼ?

ልጃችሁን ድራችሁ በቀን አምስት ጊዜ የምትደውሉ፣ «በላህ ወይ?» ነው የምትሉት ወይስ «አልረሳኸኝም ወይ» ነው? ያስተማራችሁት ልጅ ጉባኤ ፊት ቆሞ ስማችሁን ሳያነሣ ሲቀመጥ፣ ምሳ የማይወርድላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔም አንዱ ነኝ፤ ባልናገረው ውሸታም እሆናለሁ። እኛ ሰባኪዎች ሰውን ወደ እግዚአብሔር እናደርሳለን ብለን ወጥተን፣ መንገድ ላይ ለራሳችን አስቀረነው።

ፍቅር መራብ ኃጢአት አይደለም። ሰው መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። የተሰጠንን ነፍስ በረሃባችን ማሰር ግን ኃጢአት ነው።

በዚህ ሳምንት የደገፋችሁት ሰው «አሁን ብቻዬን እችላለሁ» ቢላችሁ አትቀየሙት። መርቁት፣ በሩን ክፈቱለት፣ ይሂድ። ልቅሶ ከመጣባችሁም አልቅሱ፤ ግን እሱ ከራቀ በኋላ፣ እግዚአብሔር ብቻ በሚሰማበት።