ያልደነገጠው ፈረስ

አንድ ሰው ነበረ፤ ፈረሱ ድንጉጥ ነው። የፈረሱ ስም መብረቅ ይባላል። ባገሩ ልማድ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራልና ሰውየውንም አባ መብረቅ ይሉታል። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ተዪው ልጄ፤ እሱ ራሱም የረሳው ይመስለኛል።

መብረቅ ግን ስሙን አልመሰለም። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይበረግጋል። ቆቅ ከሣር ውስጥ ስትነሣ መንገዱን ስቶ ይሮጣል። ጆሮዎቹ አርፈው አያውቁም፤ አንዱ ወደ ፊት ሲቀሰር አንዱ ወደ ኋላ ነው። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት ለፀሐይ ብላ ጃንጥላዋን ድንገት ብትዘረጋ፣ ፈረሱ ጌታውን ድንች ሻጮቹ መካከል ወርውሮት ሄደ።

«አባ መብረቅ! መብረቅ ከጥላ ይሸሻል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተወው፣ ክረምት እስኪገባለት ነው» አለ ሌላው። ገበያው ሳቀ።

ሰውየው አፈሩን ከልብሱ አራግፎ ፈረሱን ፍለጋ ሄደ። ሳቁ አላሳፈረውም አልልሽም። ከሳቁ የሚበልጥ ፍርሃት ግን ነበረበት። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ሄዳ፣ በሰላም ተገላግላ፣ ክርስትናውም አልፎ፣ «ናና ውሰደን» ብላ ልካበታለች። የእናቷ ቤት ከወንዝ ማዶ ነው። በቅሎ የለውም፤ የሚያውሰውም አጣ። ሚስቱ ሕፃኑን አቅፋ በዚህ ፈረስ ወንዙን ስትሻገር ባሰበ ቁጥር፣ ድንጋይ ላይ ወድቀው ይታዩታል።

ስለዚህ ቅጠል ወደሚያውቁ አንዲት ባልቴት ዘንድ ሄደ።

«እሜቴ፣ ፈረሴ ድንጉጥ ነውና መድኃኒት ይስጡኝ» አላቸው።

«የሚያስደነግጠው ምንድን ነው?»

«ምን የማያስደነግጠው አለ! ጃንጥላ፣ ቆቅ፣ የገዛ ጥላው። ወንዝ ዳር ሲደርስማ ጭራሹን ያብዳል።»

«ሁልጊዜ ነው ወንዝ የሚፈራው?»

«አንዳንዴ ዝም ብሎ ይሻገራል፤ አንዳንዴ አንድ እግሩን አይነክርም። ዕብደት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?»

ባልቴቲቱ ሁለት ቅል አወጡ። ከአንደኛው የደረቀ ቅጠል ቆንጥረው ሰጡት። ቢቀምሰው ጣፈጥ ይላል፤ እንስላል እንስላል ይሸታል።

«ይህን ከገብሱ ጋር ስጠው፤ ያረጋዋል» አሉት። «ብቻውን ግን አይበቃም። ጃንጥላ ተዋስና እያሸተተ እስኪለምደው ድረስ በዙሪያው አመላልሰው። ጊዜ ይፈልጋል።»

ሰውየው ፊቱን አጨማደደ። ኮሶ እየጠጣ ያደገ ነውና መድኃኒት ካልመረረ መድኃኒት አይመስለውም።

«ይሄማ ለወጥ ነው እሜቴ። በዚያኛው ቅል ያለውስ?»

«እሱ ሥር ነው። የከብት ስብራት ስንጠግን፣ እንዳይንፈራገጥ የምንሰጠው ነው። ያፈዛል እንጂ አያረጋም።»

ሰውየው ከሥሩ ዱቄት በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገ። ምሬቱ እስከ ጆሮ ግንዱ ዘለቀ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«መድኃኒት ማለት ይሄ ነው!» አለ።

«አንተ ሰው፣ መርጋትና መፍዘዝ አንድ አይደለም።»

«ብቻ ዝም ይበልልኝ እንጂ የፈለገውን ይሁን።»

እምቢ ቢሉት ለመናቸው፤ ለምኖ ለምኖ ወሰደ።

ሚስቱን ሊያመጣ በሄደ ጊዜ፣ ከአማቱ ቤት ሳይነሡ ሥሩን ከገብስ ቀላቅሎ ለፈረሱ አበላው። ሚስቱ ሕፃኑን አቅፋ ስትቀመጥበት መብረቅ ንቅንቅ አላለም። አማቱ እልል አሉ። መንገድ ላይ ቆቆች ከሣሩ ፍርር ብለው ተነሡ፤ መብረቅ ቀና ብሎም አላየ። ሚስቱ ለፀሐይ ብላ ከፈረሱ ራስ በላይ ጃንጥላ ዘረጋች፤ ያም ምንም አልመሰለው።

«አየሽው? በግ ሆኖልሻል» አለ ሰውየው ልጓሙን እየሳበ።

«ጆሮው ወድቋል» አለች ሚስቱ። «ይሄ ፈረስ አሞታል።»

«አላመመውም፤ ረግቶ ነው።»

ወንዙ ዳር ደረሱ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ከላይ፣ ተራራው አናት ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ሰውየው አየው፤ ሩቅ ነው አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መብረቅ እዚህ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ጆሮውን ወደ ወንዙ ራስ ቀስሮ፣ እግሬን አልነክርም ይል ነበር። ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሚስቱ ጃንጥላዋን አጥፋ ጋማውን ጨበጠች።

መካከል ላይ ሲደርስ ቆመ። ፈርቶ አይደለም። እንዲያው ቆመ።

ሰውየው ልጓሙን ሳበ። በዚያው ቅጽበት ውሃው ደፈረሰ፤ ጭራሮና ገለባ ይዞ መጣ። ከላይ የነፋስ ጩኸት የመሰለ ይሰማል፤ የዛፎቹ ቅጠል ግን አይንቀሳቀስም። ያኔ ገባው። ፈረሱ አንዳንዴ ተሻግሮ አንዳንዴ እምቢ ይል የነበረው ደራሽ ጎርፍ ሲሰማ ኖሯል።

«ሂድ!» ብሎ መታው። «ሂድ አንተ! ደንግጥ! ኧረ በማርያም ደንግጥ!»

ጃንጥላውን ከሚስቱ እጅ ነጥቆ ከፈረሱ ዓይን ሥር ቧ አድርጎ ዘረጋው። መብረቅ ጃንጥላውን አየው፤ ግድግዳ እንደሚያይ ነው ያየው።

ሕፃኑ አለቀሰ። ሰውየው ልጓሙን ጣለ፤ ሚስቱን ከነልጇ ከኮርቻው ስቦ፣ እየተደናቀፈ፣ ወገቡ በደረሰ ውሃ ውስጥ ጎተታቸው። በዳር የበቀለ የዋንዛ ሥር ጨብጦ ወጣ። ዞር ሲል ጎርፉ የቤት ቁመት አክሎ ደረሰ። መብረቅ እዚያው እንደቆመ ነበር። አላሽካካም፤ አንገቱንም አላነሣም። ውሃው ወሰደው።

ሰውየውን ዛሬም አባ መብረቅ ይሉታል፤ ሌላ ስም ስለሌለው ነው። ሲጠሩት ግን የሚስቅ የለም።

እንግዲህ አንቺ ልጄ፣ «እማሆይ፣ ዐረብ አገር ለሥራ ሊሰደኝ የሚመላለሰው ደላላ በራችንን ሲያንኳኳ ሆዴ ይሸበራል፤ እናቴም ድንጉጥ ነሽ ትለኛለች፤ ፍርሃቴን የሚያስተኛ ቅጠል ካለ ይስጡኝ» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ፈረስ ሆድሽ ነው። በላዩ የተቀመጠችው ነፍስሽ ናት።

የፈራሽው ሁሉ ክፉ ነው አልልሽም። መብረቅም ጃንጥላ ይፈራ ነበር፤ ጃንጥላ ደግሞ ማንንም በልቶ አያውቅም። ነገር ግን ጃንጥላ ያስበረገገውና ጎርፉን ይሰማ የነበረው ያው አንድ ጆሮ ነው። አንዱን ላደንዝዝ ስትዪ ሌላውም ይደነዝዛል። ስለዚህ ቅጠል አልሰጥሽም።

ነገ ደላላው ሲመጣ ከእናትሽ ጎን ቁሚ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ይንቀጥቀጥ። «የምገባበት ቤት የማን ነው? ቀድመው ከላክሃቸው ልጆች አንዷን በስልክ አገናኘንና እናናግራት» በዪው። ደስ ብሎት ካገናኘሽ፣ የፈራሽው ጃንጥላ ሊሆን ይችላል፤ ቀስ ብለሽ ዙሪያውን ዞረሽ እዪው። ከተቆጣ ግን፣ ልጄ፣ ውሃው ደፍርሷል። እግርሽን አትንከሪ።