የማይካካስ ብርሃን

አንድ ሰው ነበረ፤ አዳማ የሚኖር፣ መንገድ ሲቀይስ ግማሽ ዕድሜውን በድንኳን ያሳለፈ። ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ልጁን ሐዋሳ ያለችው እህቱ አስካለ ነበረች የምታሳድግለት። እሱ ከአንዱ በረሃ ወደ ሌላው ይዞራል። በዓል ሲደርስ በሁለት እጁ ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል፤ ልጅቷ ልብሱን ለክታ ሳትጨርስ ተመልሶ ይሄዳል።

ልጅቷ ኖላዊት ትባላለች። ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ ሰውየው ሥራውን ወደ ከተማ አዛወረና እህቱን፣ “አሁን ልጄን ስጪኝ” አላት።

አስካለ እንዲህ በዋዛ የምትሸነፍ ሴት አይደለችም። “ልጅ ዕቃ ናት እንዴ የምሰጥህ?” አለችው። “ክረምቱን አንተ ዘንድ ትክረም። ጳጉሜ ሲገባ የምትመዘገብበትን ትምህርት ቤት ራሷ ትምረጥ። አዳማ ካለች አዳማ። ሐዋሳ ካለች ግን፣ ወንድሜ፣ አታስጨንቃት።”

እስቲ አስቡት። አባት ለመሆን አንድ ክረምት ተሰጠው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

ሰውየው ስለ ልጁ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ሆቴል ምሳ ሲጋብዛት፣ ምግቧን ትታ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙ ዓሦችን ስታይ መቆየቷን ያስታውሳል። ዓሦቹን ብቻ አይደለም፤ በውሃው ውስጥ የበቀለውን ቅጠልም ጭምር። ስለዚህ ከመምጣቷ በፊት ትልቅ የመስታወት ገንዳ ገዛ። አሸዋ አነጠፈ፤ ቅጠል ተከለ፤ ጉፒ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች ጨመረ። መኝታ ቤቱን ለልጁ ለቀቀ፣ ገንዳውን ከአልጋዋ ግርጌ አቆመ፣ ራሱ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ይህን ያደረገው ከልቡ ነው። ክፉ አባት ነበር ብዬ አልነግራችሁም።

ችግሩ የመጣው በመብራቱ ነው።

በመጀመሪያ ተራ የቤት አምፖል ሰቀለ። ቅጠሎቹ ገረጡ፤ ግንዳቸው ቀጥኖ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተንጠራራ። ስልኩን ከፍቶ አነበበ፣ ጠየቀ፣ አወዳደረ። አንዱ ነጭ ብርሃን ይሻላል ይላል፤ ሌላው ቀይ የተቀላቀለበት ይላል። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ተክሉ በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ብርሃን ይበቃዋል የሚለው ነበር። ከገንዳው እኩል የሚረዝም ነጭ መብራት ገዛ። ቅጠሉ ለመለመ። ሰውየውም ደስ አለው።

ከዚያ የመብራት ፈረቃ መጣ። መብራት ጠዋት ይሄዳል፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ሰውየው ቀያሽ ነው፤ ጎዶሎ ነገር አይወድም። ጉድጓድ ካየ ይሞላል። ብርሃኑንም መሙላት ጀመረ። ቀን የጠፋውን ያህል ማታ ይጨምራል፤ ቀኑን ሙሉ ከጠፋ እስኪነጋ ያበራል። ሽቦውን በበሩ ሥር አሳልፎ ሳሎን ካለው ማከፋፈያ ጋር አያይዞት ስለነበር ማብራቱም ማጥፋቱም በእሱ እጅ ነበር።

ልጅቷስ? ልጅቷ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት!

ነገር ግን በሰው ቤት ያለች እንግዳ ምን ትላለች? “መብራትዎን ያጥፉልኝ” ትላለች? ይሉኝታ ያለባት ልጅ ናት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች፤ ትገላበጣለች፤ ይነጋል።

ጠዋት አባቷ እንቁላል እየጠበሰ፣ “ተኛሽ?” ይላታል።

“አዎ፣ ተኝቻለሁ።”

“ዓሦቹ አያምሩም?”

“ያምራሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።”

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ለአባቷ! “እርስዎ” ነበር የምትለው፤ ለገዛ አባቷ፣ እንደ ርእሰ መምህር። እሱም ይህ ሲቆረቁረው ሌላ ነገር ይጨምራል። ያለፉትን ዓመታት በሙሉ በአንድ ቁርስ ይጠይቃታል። ጓደኛሽ ማን ነው? የምትወጂው ትምህርት ምንድን ነው? መቼ ነው ክንድሽ የተሰበረው? ለምን አልነገሩኝም? ከቁርስ በኋላ ኬክ ቤት፣ ከኬክ ቤት ገበያ፣ ከገበያ ሶደሬ። ልጅቷ ትከተለዋለች፤ ዓይኗ እየቀላ፣ ትከሻዋ እየወረደ።

ገንዳው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ተጀመረ። በትምህርት ቤት አልጌ የምንለው አረንጓዴ ልጋግ መጀመሪያ በመስታወቱ ላይ ታየ። ከዚያ ቅጠሎቹ ላይ ወጣ። ሰውየው ጠረገ፤ ተመልሶ መጣ። ብርሃን ጨመረ፤ ባሰ። ለምን መሰላችሁ? ትርፉን ብርሃን የሚበላው ልጋጉ ነበር። ልጋጉ ወፈረና ቅጠሉን ሸፈነው፤ ቅጠሉም ከሥር ጨለመበት። አያችሁ ወገኖቼ? ያ ሁሉ ብርሃን እየበራ ቅጠሉ ብርሃን አጣ!

ሰውየው ግን፣ “መብራቱ ደካማ ቢሆን ነው” አለ። ነሐሴም እያለቀ ነው። እጁ አያርፍም፣ እግሩ አያርፍም። ልጁን ይዞ የዓሣ ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ሙክታር ሱቅ ሄደ።

ሙክታር ደንበኛ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። “ኢንጂነር! ዛሬ የመጨረሻውን አሳይሃለሁ” አለና አንዱን ሰክቶ አበራ። ሱቁ ነጣ። “ይሄ ምን አላት!” አለና ሌላውን ሰካ። “ይሄኛውንማ ቤትህ ብትሰቅለው ጎረቤት በግ ያርድበታል!”

“ከዚህ የሚበልጥ የለም?” አለ ሰውየው።

“ከዚህ የሚበልጥ ፀሐይ ናት፤ እሷን ደግሞ አላስመጣሁም።” ሙክታር ሳቀና ወደ ጥግ ዞረ። “ልጅቷ ግን ታማለች እንዴ?”

ኖላዊት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷን መደርደሪያው ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ያ ሁሉ መብራት እየበራ! አባቷ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። “ኖሊ፣ ተነሺ እስቲ። ይኼኛውን እዪ። ይኼ ጠንካራ ነው፤ ማታ ማታ የጠፋውን ሁሉ…”

“አይበቃም?” አለች።

ድምፅዋ ሱቁን ሞላው። “አይበቃም? ሌሊቱን ሁሉ ታበራለህ! ነጠላ ፊቴ ላይ ጥዬ ነው የማድረው! ሲነጋ ደግሞ ትጠይቀኛለህ፣ ትጠይቀኛለህ፣ ታዞረኛለህ! ትናንት የጠፋው ጠፋ! በቃ፣ ጠፋ!”

ሙክታር ወደ ዓሦቹ ዞሮ፣ “እኔ የለሁም” አለ።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

“ጠይቀኸኝ ነበር? ‘ተኛሽ?’ ትላለህ፤ መልሱን ሳትሰማ ‘ዓሦቹ አያምሩም?’ ትላለህ።”

ሰውየው ለቅጠሉ ብዬ ነው ሊል ነበር፤ ለአንቺ ብዬ ነው ሊል ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ልጁ “አንተ” እንዳለችው ያስተዋለው ያኔ ነው። ተቆጥታ፣ ዓይኗ ዕንባ ሞልቶ፣ እንደ ማንኛዋም የአባቷ ልጅ “አንተ” ብላዋለች። ያንን ቁጣ በምስጋና አይለውጠውም ነበር።

“የትኛው ይሻልሻል?” አላት። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ከበደው፤ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ይመታሉ፤ ግን ዝም አለ።

ኖላዊት አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሳች። እያንዳንዱን መብራት ሱቁ ውስጥ ባለው ገንዳ ላይ ሙክታርን እያስያዘች አየች። ጊዜ ወሰደች። በመጨረሻ ከሁሉ ለዘብ ያለውን፣ አሸዋው እስከ ታች የሚታይበትን፣ ዓይን ግን የማያጭበረብረውን መረጠች።

“ደካማውን?” አለ ሙክታር። “እሺ፣ ጥላ የሚችል ቅጠል አለኝ፤ ከሱ ጋር ይስማማል። ገንዳውን ሳሎን አድርጉትና ኢንጂነር ይንቃበት እንጂ!”

ልጅቷ ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ። “ክፍሌ ይሁን” አለች። “ማጥፊያው ግን እኔ ጋ።”

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በማግስቱ መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፋ። ምሽት ላይ ተመለሰ። ልጅቷ ለአፍታ አብርታ፣ ዓሦቹን አብልታ አጠፋችው። ሰውየው ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል። በበሩ ሥር ምንም ብርሃን አይታይም። “ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ነው የዋለው” ይላል በልቡ። እጁን ለማንኳኳት ያነሳል፤ ያወርዳል። ይቀመጣል፤ ይነሳል። እንደገና በሩ ጋ ይቆማል። ይህን ሰው ታውቁት የለም? ጎዶሎውን ዛሬውኑ ካልሞላ የሚሞት የሚመስለውን ሰው?

አላንኳኳም። ሶፋው ላይ ጋደም አለ።

ቅጠሎቹ ሁሉም አልተረፉም። ልጋግ የበላቸውን ነቅለው ጣሉ። የቀሩት ግን ቀስ በቀስ ጠሩ፤ ጉፒዎቹም በመሃላቸው መሸሸግ ጀመሩ።

የነሐሴ የመጨረሻ ቀን አስካለ ደወለች። ሰውየው ግቢ ውስጥ ጨርቅ ያጥባል። መስኮቱ ክፍት ነው። “ኧረ አልከፋኝም፣ አክስቴ” ስትል ሰማት። “አዎ፣ አሁንማ እተኛለሁ… እሱማ ዕረፍት የለውም፣ ታውቂው የለ? ግን አሁን ሲጠይቅ ይጠብቃል… አይ፣ አዳማ ልመዝገብ። አንድ ዓመት ልየው እስቲ። ካልሆነ ሐዋሳ የትም አይሄድ።”

ሰውየው እግሩ ተነስቶ ነበር። ሮጦ ሊገባ፣ ሊያቅፋት፣ በግ ሊገዛ፣ ከተማውን ሊጠራ። ጨርቁን ጨመቀና እዚያው ቆመ። አንድ ዓመት ተሰጥቶታል። ዛሬውኑ መጨረስ የለበትም።

ወገኖቼ፣ ይህን ለምን ነገርኳችሁ? በመካከላችን ማካካስ የሚወድ ሰው ስለሞላ ነው። ሳምንቱን ሁሉ ሳትጸልዩ ከርማችሁ እሑድ በአንድ ጊዜ ሰማይን ልታናውጡ ትመጣላችሁ። ዓመቱን ሁሉ ለእናታችሁ ሳትደውሉ በዓል ሲሆን ቤቷን በዕቃ ትሞላላችሁ፤ እሷ ግን የፈለገችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ድምፃችሁን መስማት ነበር። ልጆቻችሁ ሳታዩአቸው አድገው፣ አንድ ቅዳሜ ቁጭ አድርጋችሁ የሕይወታቸውን ምክር በሙሉ ታወርዱባቸዋላችሁ። ለምን አይሰሙንም ትላላችሁ? እንዴት ይስሙ? እንቅልፍ ነሥታችኋቸው!

ባለፈው አትዘኑ አልልም። በድላችሁ ከሆነ ይቅርታ ጠይቁ፤ ይቅርታ አንድ ነገር ነው፣ ማካካስ ሌላ ነገር ነው። ይቅርታ የሌላውን ሰው ፊት ያያል። ማካካስ የሚያየው የራሱን ጉድጓድ ነው።

በምድረ በዳ የወረደው መና እንኳ ለዕለቱ ነበር። እግዚአብሔር ለትናንት ረሃብ ብሎ የዛሬውን እጥፍ አላደረገም። ፀሐይን ተመልከቱ፤ ትናንት ደመና ነበር ብላ ዛሬ ሁለት ጊዜ አትወጣም። በሰዓቷ ትወጣለች፣ በሰዓቷ ትጠልቃለች፤ ምድሪቱም ታበቅላለች።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የዓመቱን ሁሉ አትጀምሩ። ከቤታችሁ አንዱን ሰው አንድ ነገር ጠይቁት። ከዚያ፣ እባካችሁ፣ መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁት።