ከይመኙሻል እጅ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ የራሳችንን ሰው ላውራችሁ። ድሮ፣ የአያቴ አያት ገና ሳትዳር፣ በዚሁ በመንደራችን በሸንበቆ በር ይመኙሻል የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ይናቅ ነበር። በእንስራዋ ውሃ ይጠጣሉ፤ ከእጇ ግን ቁራሽ አይቀበሉም።

አንድ ዘመን አንበጣ ጎመኑን ጨረሰ፤ ላሞቹም ነጠፉ። ልጆቹን ዳፍንት ያዛቸው። ቀን ደህና ያያሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የገዛ ደጃፋቸው ይጠፋቸዋል። ሰዉ እርግማን ነው አለ።

ይመኙሻል ሸክላዋን ልትሸጥ ሩቅ ገበያ ወርዳ አንድ አትክልተኛ አግኝታ የልጆቹን ነገር አወራችው። «የእኛንም ልጆች ይዟቸው ነበር» አላት። «ይኼን ካሮት ቀቅለን፣ የኑግ ዘይት ጠብ እያደረግን አበላናቸው፤ ለቀቃቸው።» እንስራ ሰጥታው ዘሩን ወሰደች።

መሬት ጠየቀች፤ ከለከሏት። ሸክላ አፈር በምታወጣበት ጉድባ ዳር ዘራች። ጭቃው ደርቆ ካሮቱ ተጣመመ፤ ጣት አክሎ ቀረ። አላዘነችም አልላችሁም፤ አለቀሰች። ግን ግማሹን ዘር አስቀርታ ነበር። ከወንዝ አሸዋ በጀርባዋ አመላልሳ፣ አመድ ቀላቅላ፣ እንደገና ዘራች።

ክረምት ገባ፤ ጎርፍ መደቧን ሊጠርገው መጣ። የዓመት ልፋቷን፣ ለገበያ ያዘጋጀቻቸውን እንስራዎች ሁሉ አፈር ሞልታ በጎርፉ ፊት ደረደረች። እንስራዎቹ ተሰባበሩ፤ ካሮቱ ተረፈ።

ደርሶ ሲነቀል ፍም መሰለ። ቀቅላ በየቤቱ ዞረች። «ከሸክላ ሠሪ እጅ?» አሉ። በየደጁ መለሷት።

በዚያው ሰሞን የጭቃ ሹሙ የበሪሁን ልጅ ውድነሽ፣ አመሻሽ ላይ ከወንዝ ስትመለስ ጉድባው ውስጥ ወደቀች። ክንዷ ተሰበረ። ይመኙሻል አዝላ አወጣቻት። አባትየው አገሩን አስከትሎ ሮጦ መጣ።

«ጌታዬ» አለችው፣ «ልጅዎ ጉድባውን አላየችውም። ከእጄ መቀበል ካፈሩ መደቡ ያውልዎት፤ በገዛ እጅዎ ይንቀሉላት። መሬት ዘር አይጠይቅም።»

በሪሁን ልጁን አየ፤ ይመኙሻልን አየ። ከዚያ በአገሩ ሁሉ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ «መጀመሪያ እኔን አጉርሽኝ» አላት።

ጎረሰ። ልጂቱም ጎረሰች። ከቀን ወደ ቀን ዐይኗ ተመለሰ፤ ማታ ደጃፏን ሳትዳብስ ገባች። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ይመኙሻል ጎረፉ። መሬትም ሰጧት፤ ከወንዙ ዳር፣ ምርጡን።

ለዚህ ነው በእኛ አገር የዓመቱን የመጀመሪያ ካሮት ማንም በገዛ እጁ የማይበላው። ሀብታም ድሃውን፣ ድሃ ሀብታሙን ያጎርሳል። አጉራሹ «ከይመኙሻል እጅ» ይላል። ጎራሹም «ዐይኔ በራ» ብሎ ይቀበላል።