ሽኮኮ ፀሐይን የፈለገበት ጉድጓድ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ በሩንም ግጠሙት።

አንድ ሽኮኮ ነበረ። ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር ሌላ ሙቀት አያውቅም። ክረምት ገብቶ ፀሐይ ብትጠፋም ድንጋዬን አልለቅም አለ። ዝናቡ ወረደበት፣ ሳል ያዘው፣ መቆም አቃተው።

ሊሞት ሲል ከድንጋዩ ሥር፣ ከፍልፈል ጉድጓድ ሙቀት ሲወጣ ተሰማው። ዘው ብሎ ገባ።

«እመት ፍልፈል! ፀሐይዋን የት ደበቅሻት?»

«ኧረ የሰው ያለህ! እኔ ዓይን የለኝ፣ ፀሐይ የምትሏትን መቼ አየሁና? ይልቅ ብርዱን አታስገባብኝ፣ ዝጋው!»

ሽኮኮ በሩን በሣር ወተፈና ፍለጋ ጀመረ። የፍልፈልን ድርቆሽ ገለበጠ፣ የለችም። ለክረምት ያጠራቀመችውን ሥራሥር በረበረ፣ የለችም። ሲደክመው ድርቆሹ ላይ ጋደም አለ። እሷም ሥራሥር አቀበለችው፤ እያኘኩ ዝናቡን አዳመጡ። ዝናብ ከውስጥ ሆነው ሲሰሙት ደስ ይላል ለካ። ሳሉም ለቀቀው።

«ይሞቀኛል እኮ፤ እዚሁ የሆነ ቦታ ናት» እያለ፣ ሲፈልግ ሲተኛ፣ ሲፈልግ ሲተኛ ከረመ።

መስከረም ሲጠባ ሣሩን ገፋ አድርጎ ቢያይ፣ ፀሐይ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላለች። አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ጉድጓዱ አየ።

«እመት ፍልፈል፣ ፀሐይ ውጭ ናት።»

«እሰይ፣ እንኳን አገኘሃት።»

«ታዲያ እዚህ ውስጥ የነበረችው ማን ናት?»

«እኔ ነኛ!»

ሽኮኮ ግራ ገባው። እስካሁንም ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ደጃፏ ላይ ያስባል።

ተረቴ አበቃ፤ በሩን ክፈቱት።