«ተቀመጡ» የሚል የጠፋበት ደጅ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ተረቴ ደርሷል። የሺመቤት የምትባል ሴት እናት አባቷ ሲሞቱ ሁለት ወንድሞቿን አሳደገች። ቢሻውና ጫንያለው አድገው በነፋስ የሚዞር ወፍጮ ፈለሰፉ፤ ስማቸው ከአገር አገር ተጠራ። ምሳቸውን ማን እንደሚያደርስላቸው የጠየቀ ግን የለም።

አንድ ማለዳ አድማሱ የሚባል ጎረምሳ የላካቸው ሽማግሌዎች የሺመቤትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ደጅ ቆሙ። ሽማግሌ የቤቱ ወንድ «ተቀመጡ» ካላለው አይቀመጥም፤ ካልተቀመጠ ደግሞ ልጅ አይጠይቅም። እሷም አድማሱን ትወደዋለችና ወደ ወፍጮው ሮጠች።

«ወንድሞቼ፣ በሞቴ፣ መጥታችሁ ተቀመጡ በሏቸው!»

«እታለም፣ ወፍጮው ቆሟል፤ ካልዞረ ላንመጣ ምለናል።»

«ወፍጮ ሆይ፣ ዙር! ወንድሞቼ አልመጣ አሉ፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሟል!»

«ነፋስ ካልገፋኝ አልዞርም።»

«ነፋስ ሆይ፣ ግፋ! ወፍጮ አልዞር አለ፣ ወንድሞቼ አልመጣ አሉ፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሟል!»

«የወፍጮው ክንፍ ሸራ ተቀዷል፤ ምኑን ልግፋ?»

«ሸራ ሆይ፣ ተሰፋ! ነፋስ አልገፋ አለ፣ ወፍጮ አልዞር አለ፣ ወንድሞቼ አልመጣ አሉ፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሟል!»

«በየትኛው ክር?»

«ክር ሆይ፣ ድረስ! ሸራ አልሰፋ አለ፣ ነፋስ አልገፋ አለ፣ ወፍጮ አልዞር አለ፣ ወንድሞቼ አልመጣ አሉ፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሟል!»

«እኔ ገና ጥጥ ነኝ፤ እንዝርት ይፍተለኝ።»

«እንዝርት ሆይ፣ ሹር! ክር አልደርስ አለ፣ ሸራ አልሰፋ አለ፣ ነፋስ አልገፋ አለ፣ ወፍጮ አልዞር አለ፣ ወንድሞቼ አልመጣ አሉ፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሟል!»

«የሚያሾረኝ እጅ የታል?»

ቤቱን ዞራ አየች። ከሷ እጅ በቀር ሌላ እጅ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ሲከርባቸው ሄዱ፤ እሷም እያለቀሰች መፍተል ጀመረች። ጥጡ ክምር ነው፣ ሸራው ሰፊ ነው። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፣ በጋውም አለፈ።

በመጨረሻ እንዝርት ሾረ፣ ክር ደረሰ፣ ሸራ ተሰፋ፣ ነፋስ ገፋ፣ ወፍጮ ዞረ፣ ወንድሞች መጡ! እነዚያ ሽማግሌዎችም ተመልሰው ደጅ ቆመው ነበር።

«ተቀመጡ!» አሉ ወንድሞቿ ባንድ አፍ።

ተቀመጡ። የሺመቤት ጓዳ ቆማ አዳመጠች።

«ወፍጮው ዞረ ሲሉን እንኳን ደስ ያላችሁ ልንል መጣን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «የዚያን ጊዜውን ነገር እንኳ ተዉት። አድማሱ ጥር ላይ አግብቷል።»

የለመነችው አንድ ነገር፣ «ተቀመጡ» የሚለው ቃል፣ ሆነላት። ያን ጊዜ ተስፋዋ ተቆረጠ፤ እንባ እንኳ አልመጣላትም።

ጫንያለው ደስ ብሎት ወደ ጓዳ ብቅ አለ። «እታለም፣ ሁለተኛ ወፍጮ ልንሠራ ነው፤ ክር አለሽ?»

«ጥጡን አምጣው» አለችው።

የኔ ተረት እዚህ አለቀ፤ የሷ ጥጥ ግን ገና አላለቀም።