ሸክላው ላይ የዘመሩት ወንድሞች

አንዲት ሴት ነበረች። ሆሳዕና ነው የምትኖረው። አስካለ ትባላለች። አባቷ የሞተው እሷ ገና ጡት ሳትጥል ነው። መልኩን አታውቅም፣ ድምፁን አታውቅም። የምታውቀው ዘፋኝ እንደነበር ብቻ ነው።

እሺ። ይቺ ሴት ጌታን አገኘች። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቷ ጋሽ ላምቤቦ አረፉና ልጃቸው ቤት ስታጸዳ አንድ ሸክላ ከነማጫወቻው አግኝታ አመጣችላት።

"አስኩ፣ ይሄ ያባትሽ ነው። አባዬ ተውሶት በዚያው ቀረ።"

ሽፋኑ ላይ አንድ ጎፈሬያም ሰውዬ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ይስቃል። ሸሚዙ እስከ እምብርቱ ክፍት ነው። ፍንጭቱ ግን ቁርጥ የእሷ ፍንጭት።

ገና ሳትሰማው በሩ ተንኳኳ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ አዲስ ያመነ ሰው ቤት ሄደን እንጸልያለን፣ የዓለም ነገር ካለ ለቅመን ግቢ ውስጥ እናቃጥላለን። ወንድም ደግፌ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ።

"ይሄ ምንድነው፣ እህት አስካለ?"

"የአባቴ ሸክላ ነው።"

"ሰውዬው ራቁቱን ነው እኮ።"

"ሸሚዝ ለብሷል።"

"ይሄ ነው ሸሚዝ?"

"አንዴ ልስማው" አለች። "አንዴ ብቻ። ከዚያ ራሴ አቃጥለዋለሁ።"

ምን አሉ መሰላችሁ? እሺ አሉ። ግን መንፈሱ እንዳይገባብን እኛ እንዘምራለን አሉ።

መርፌውን አስቀመጠች። ሸክላው ትንሽ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ ድራሙ ገባ፣ ኦርጋኑ ተከተለ፣ ጊታሩ ጮኸ። ሶል ይሁን ሮክ እሷ የምታውቀው ነገር የለም፣ ደረቷን ግን መታት። ከዚያ አባቷ አፉን ከፈተ። ሻካራ ድምፅ፣ የሚለምን ድምፅ። እነሱ ከኋላዋ ቆመው ያጨበጭባሉ። ጆሮዋን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፈች። እነሱ ጨመሩ። ሸክላውን ገለበጠችው። እነሱ መዝሙር ቀየሩ።

መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ቀዝቀዝ አለና ሰውዬው ማውራት ጀመረ። "ይቺ ለልጄ ናት" አለ። "አያቷ አስካለ አሏት። እኔ ግን የምጠራት…"

"ሃሌሉያ" አለ ወንድም ደግፌ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ።

አልሰማችውም።

"ዝም በሉ፣ በጌታ፣ ልመልሰው" ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ "አንዴ ነው ያልሽው፣ እህታችን" ብሎ ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አነሳው። እሷ እየለመነች፣ እነሱ እየዘመሩ፣ ተቃጠለ።

አባቷ ምን ብሎ ይጠራት እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም። ሌላ ቅጂ ያልጠየቀችው ሰው የለም። ያለው ሰው ግን አልተገኘም።

እኔ በጣም ነው የምናደደው። ዘፈን ይሰማ አይሰማ አይደለም እያልኩ ያለሁት፣ እሱን ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩ። አባት ለልጁ ሲያወራ ግን፣ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው የምትዘምሩበት? ሃሌሉያ ጨርቅ ነው እንዴ፣ ሰው አፍ ውስጥ የሚጠቀጠቀው?

ደግሞ "ወይ ወንድም ደግፌ" እያላችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ። ባለፈው እሁድ እዚሁ አዳራሽ ብሩክታይት ለምስክርነት ወጥታ "እናቴ ከሞተች ጀምሮ መጸለይ አቃተኝ" ስትል ምን አደረጋችሁ? አጨበጨባችሁ። "አሜን፣ ጌታ ያውቃል" ብላችሁ ማይኩን ተቀበላችኋት። አልጨረሰችም እኮ። ዛሬ መጥታለች? የት ነው የተቀመጠችው? ማነው የደወለላት? ማነው የቀረውን የጠየቃት?

ያጨበጨባችሁት ለጌታ ነው? ወይስ እንዳትሰሟት ነው?

እናንተ አልቅሳችሁ ስትጸልዩ፣ ጌታ በላያችሁ ላይ ቢዘምርባችሁስ? "አንዴ ነው ያላችሁት" ቢላችሁስ?

ያቤጽ፣ ኪቦርዱን ተወው። ዛሬ በሙዚቃ አንዘጋም።

አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዞር በሉ። እንዴት ነህ በሉት። ደህና ነኝ ሲላችሁ አትመኑት፣ ደግማችሁ ጠይቁት። ከዚያ ዝም በሉ። ቢያለቅስም ዝም በሉ፣ የማትወዱትን ቢናገርም ዝም በሉ።

እስኪጨርስ ድረስ ማንም አሜን እንዳይል።