ፊደል ያልነካው የናሺዛካ ድንጋይ

በጃፓን አገር ናሺዛካ የሚባል ኮረብታማ መናፈሻ አለ። ከግርጌው እስከ ጫፉ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ የጥንት ባለቅኔዎች ግጥም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ቆመዋል፤ አቀበቱ እኩሌታ ላይ ግን አንድ ፊደል ያልነካው ድንጋይ ተጋድሟል። ጎብኚው ሌላውን ሁሉ ቆሞ ያነብና እዚያ ሲደርስ ይቀመጣል።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሱት፣ የአገሩ ገዥ ቅኔ ወዳድ ነበረ። ስመ ጥር ባለቅኔ ባለፈ ቁጥር ወንዙና ተራራው ወለል ብለው ከሚታዩበት ጫፍ አውጥቶ ያስገጥመዋል፤ የግጥሙን ድንጋይ ተሸክሞ ማውጣት ግን የገበሬው ፈንታ ነበር። ድንጋይ ጠራቢው ጌንፓቺም የሌላውን ቃል ሲቀርጽ አርጅቶ ጉልበቱ ከዳው፤ ከቀረጻቸው ድንጋዮች ባንዱም ላይ ዐረፍ ብሎ አያውቅም፣ ነውር ነዋ።

አንድ ዓመት፣ ሩዝ በሚተከልበት ሰሞን፣ ገዥው ለአንድ አዛውንት ባለቅኔ የሚሆን ድንጋይ ዛሬውኑ ይውጣ አለ። ችግኙ ከመደቡ ተነቅሎ በየማሳው ዳር ተከምሯል፤ በቀኑ ካልተተከለ ይጠወልጋል፣ መጪው ዓመትም የረሃብ ይሆናል። ሆኖም ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነውና ገበሬዎቹ ተሸከሙ፤ ጌንፓቺም መሮውን ይዞ አብሯቸው ወጣ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ክንዳቸው ዛለና ድንጋዩ አምልጧቸው ተጋደመ። ዳግመኛ የሚያነሣው ጠፋ። ጌንፓቺ የሚመጣውን ቁጣ አሰበና ለመፍራት እንኳ ደከመው።

ከኋላ ባለቅኔው በምርኩዙ እያዘገመ ደረሰ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለና ጠጋ ብሎ፣ ጌንፓቺን «ለሁለታችንም ይበቃል፤ ይቀመጡ» አለው። ጌንፓቺ እየተሳቀቀ ተቀመጠ።

ገዥው ጫፉ ላይ ሆኖ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመጣ ሲያጣ፣ ካባው እየጠለፈው በቁጣ ወረደ። ባለቅኔው ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።

«ጌታዬ፣ ግጥሜ ይኸው። ሊያነቡት ከፈለጉ ይቀመጡበት።»

ገዥውም ደክሞት ነበር ይባላል። ጌንፓቺ እንደምንም ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀለት፤ ገዥውም ተቀመጠ። ከታች ባዶው ማሳና ፀሐይ የመታው ችግኝ ይታያሉ። ገዥው ይህን አየና ገበሬዎቹን «ሂዱ፣ ትከሉ» አላቸው።

ባለቅኔው ድንጋዩ ላይ ምንም እንዳይቀረጽ ለመነ። ጌንፓቺ ግን መሮውን አውጥቶ፣ የተቀማጩን ጭን እንዳይጎዳ ሹሉን ጠርዝ አለዘበው።

ዛሬም ጎብኚዎች ፊደል ፍለጋ ድንጋዩን ሲዳብሱ ጣታቸው ያን ልዝብ ጠርዝ ያገኛል። የደከመው ሰው አቀበቱን ሲወጣ ከታየም፣ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን ሳይጠየቅ ይነሣል። ልማዱ ከጌንፓቺ የቀረ ነው ይላሉ፤ እሱ ለገዥው ከተነሣ በኋላ ግን ተመልሶ መቀመጡን የሚያወሳ ሰው የለም።